እርማት፦ ሞተር ሲጠፋ ስለ ፕሮፔለሩ የተነገረው

«ቀላል አውሮፕላን ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ጣርማ በር ገደል ላይ ሞተሩ ቢጠፋ፣ አንግሉ የሚለዋወጥ ፕሮፔለር ምላጩን በራሱ ከነፋሱ ጋር ትይዩ አድርጎ ርቆ እንዲንሳፈፍ ይረዳዋል» ያሉት ወንድማችን፣ በአክብሮት፣ ተሳስተዋል። በአብዛኞቹ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኖች የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ ነፋሱ ፕሮፔለሩን ማሽከርከሩን ስለሚቀጥል የምላጩን አንግል የሚለውጠው የዘይት ግፊት አይጠፋም፣ ገቨርነሩም (የፕሮፔለሩን ዙር የሚቆጣጠረው መሣሪያ) የዙሩን መቀነስ ለማካካስ ምላጩን ወደ ዝቅተኛ አንግል፣ ማለትም ሰፊ ገጹ ነፋሱን ወደሚገጥምበት፣ ይመልሰዋል፣ የአየሩ መጎተትም ይበረታል። አብራሪው የፕሮፔለሩን ማንሻ ወደ ኋላ ሲስብ አንግሉ ይጨምርና የሚንሳፈፍበት ርቀት ይረዝማል፤ ዘይቱ ፈስሶ ካለቀ ግን ይህ መላ አይሠራም። ስሕተቱ የመጣው ከባለ ሁለት ሞተሮቹ ይመስለኛል፤ በብዙዎቹ የዘይት ግፊት ሲጠፋ ምላጩ ወደ ትይዩ ይሄዳልና።