«ትወደኛለህ?» «መስኮቱን ልዝጋው እንዴ?»

ፊልሙ ላይ «ትወደኛለህ?» አለችው። «መስኮቱን ልዝጋው እንዴ?» አላት። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «አሁን ይሄ መልስ ነው?» ብሎ ጮኸ። ሴትየዋ እኮ ገብቷት ሻንጣዋን አነሳች! እሱ ደግሞ ሻንጣውን ለምን እንዳነሳች ጠየቀኝ።

ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም። ይህን ተረት ስወደው! አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ የሚተርተው ሁሉ ራሱን ከብልሆቹ ጎራ ይመድባል።

ፈላስፋው ፖል ግራይስ በ1967 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድ ላይ ንግግር ሲያደርግ የጭውውትን ደንብ በአራት መድቦት ነበር፦ ተነጋጋሪ የሚበቃውን ያህል ይናገራል፣ አይዋሽም፣ ከጉዳዩ አይወጣም፣ አያድበሰብስም። ደስ የሚለው ግን ጥሰቱ ነው። ተናጋሪው ከአራቱ አንዱን ሰሚው እያየው በግላጭ ሲጥስ፣ ሰሚው «ይሄ ሰው አበደ» አይልም፤ «ምን ሊለኝ ነው?» ብሎ ያስባል። የፊልም ጸሐፊዎች የሚኖሩት በዚች ክፍተት ነው። ቤቱ እየነደደ «ደስ የሚል ምሽት ነው» የሚለውን ሰው ውሸታም አንለውም። «ማታ የት ነበርክ?» ሲባል ደቂቃ በደቂቃ የሚዘረዝረውን ተጠርጣሪ ግን ገና ሳይጨርስ እንፈርድበታለን።

ግራይስ ራሱ የሰጠው ምሳሌ ይብሳል። መምህር፣ የፍልስፍና ሥራ ለሚፈልግ ተማሪው የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፋል፦ እንግሊዝኛው ግሩም ነው፣ ከትምህርትም አይቀርም። አለቀ። ስለ ፍልስፍናው ትንፍሽ የለም።

እዚህ ላይ አንድ የድሮ አለቃዬ ትዝ አለኝ። «ሰዓት ያከብራል፤ ጠረጴዛውም ንጹሕ ነው» ብሎ ጻፈልኝ። ጠረጴዛው! ስንት ሌሊት ያደርኩበት ሥራ የት ገባ? ቢሰድበኝ እከራከረው ነበር፤ ባልተባለ ነገር ማን ይከሰሳል? ብትጠይቁት «እኔ እኮ አመሰገንኩት» ይላችኋል። እውነቱንም ነው፤ የሚያበግነኝም እሱ ነው።

የባሰ አለ። አለቃዬ ቢያንስ ሽሙጡን አልደበቀም፤ ደብዳቤውን ያነበበ ሁሉ ከንፈሩን ይነክስ ነበር። ተበዳሪዬ ግን ደንቡን የሚጥሰው በስውር ነው። «ገንዘቤስ?» ስለው «ነገ ባንክ እሄዳለሁ» ይለኛል። ሄደም። አስገብቶ ተመለሰ። በፊልም እንዲህ ያለው ሰው መጨረሻው አያምርም፤ የኔው ግን ደህና ነው፣ ሰላምታም ይልካል።

ወደ ፊልሙ ልመለስ፤ ምን ነበር የምለው? አዎ፣ አጠገቤ እንደተቀመጠው ሰውዬ ያለውን ተመልካች የሚፈሩ ጸሐፊዎች በዝተዋል። ወንድማማች ፊት ለፊት ያስቀምጡና «እንደምታውቀው እኔ ታላቅ ወንድምህ ነኝ፤ አባታችንም ባለፈው ዓመት ሞቷል» ያስብላሉ። ታናሹም ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፤ ለቅሶው ላይ ያልነበረ ይመስል!