ደራሲ ነኝ ወይስ የፊደል ጠባቂ?

ረቂቅ ጽፎ መጨረስ በራሱ መከራ ነው። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ግን ዋናው መከራ የሚጀምረው ከጨረሰ በኋላ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት አንድ ወጥ የኮምፒውተር መለያ ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት ውስጥ ገብቷል። ይህ ሁሉ ዘመን አልፎም ማተሚያ ቤቱ «በድሮው ፎንት ካልሆነ አንቀበልም» ይለኛል። ገጽ የሚያቀናብሩበት ፕሮግራም ከዚያ በፊት የተሠራ ነዋ! ጽሑፉ ተቀይሮ ሲመለስ «ኋላ» የነበረው «ላ» ሆኗል፤ «ሞቷል» የነበረው መሐሉ ባዶ ነው። ምዕራፉን በሙሉ ፊደል በፊደል ከዋናው ጋር ማመሳከር የማን ሥራ ነው? የእኔ!

አራት ነጥብስ? ጽሑፉን በኮምፒውተር የለቀመው ሰው ሁለት ነጥብን ደጋግሞ መትቶ አራት ነጥብ ያስመስለዋል። ኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ምልክቶች አድርጎ ስለሚያያቸው አንዳንዴ አንዱን መስመሩ መጨረሻ ላይ ይተወውና ሌላውን ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ላይ ይደነቅረዋል። እንዲህ ሆኖ የታተመ ስንት መጽሐፍ አለ!

በመጻፊያ ፕሮግራሙም ቢሆን ያው ነው። «ፀሐይ» ብዬ ስፈልግ «ጸሀይ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝልኝም። «እንዳልነገረቻቸውም» ዓይነቱን ቃል ደግሞ ትክክል ሆኖ ሳለ በቀይ ያሰምርበታል፤ ቅጥያ የማያውቅ ማረሚያ ለአማርኛ ምን ይፈይዳል? ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ገንዘብ የምንከፍል እኛ ነን። ማተሚያ ቤቶች እባካችሁ፣ ያንን አሮጌ ፕሮግራም ዛሬውኑ ጣሉት!