የዳጋን አደራ አናጉድል

ወገኖቼ፣ ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ተሳፍራችሁ በጣና ሐይቅ ደሴት ላይ ወዳለው ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የምትሻገሩ ሁሉ፣ የምላችሁን በቅን ልቡና ስሙኝ፤ እኅቶቻችን በሥርዓቱ መሠረት ወደ ገዳሙ አይገቡምና ተግሣጹ በተለይ የሚመለከተው እኛን ወንዶቹን ነው።

አቡነ ሂሩተ አምላክ በ13ኛው መቶ ዘመን የመሠረቱት ይህ ገዳም የጸሎት ብቻ ሳይሆን የአደራም ቦታ ነው። በግራኝ ጦርነት ዘመን በየአድባራቱ እሳት ሲነድ፣ አባቶች ንዋያተ ቅድሳትንና የብራና መጻሕፍትን በታንኳ እየጫኑ ወደ ጣና ደሴቶች ያሸሹት፣ ውኃውና መነኮሳቱ ይጠብቁልናል ብለው ነበር። የአፄ ዘርዐ ያዕቆብና የአፄ ፋሲል አጽምም ያረፈው በዚሁ በዳጋ ነው። ዛሬ ውኃው ማንንም አያግድም።

ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት አባ የብራናውን መጽሐፍ ከማኅደሩ አውጥተው ሲገልጡልን እንዴት እንደምንሆን አይቻለሁ። ከጀልባ በወረደ እርጥብ እጃችን ሥዕሉን እንዳብሳለን፤ ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት የተዘጋጀ ነውና እርጥበት ሲነካው እንደሚለቅ አናስብም። የስልካችንን ብልጭታ እንደጋግማለን፣ በነገሥታቱ የመስታወት ሣጥን ላይ ተደግፈን ፎቶ እንነሣለን፣ «ተዉ ልጆቼ» ሲሉን ደግሞ እናኮርፋለን። ይህ ነውር ነው።

የባሰው ግን ግዢው ነው። ከገዳማት ተሰርቆ የወጣ ብራና ገዢ ባያገኝ ኖሮ ሌባው ምን ሊያደርገው ይሰርቀው ነበር? ሻጩን ሌባ ብለን ስናወግዝ ገዢውን «ቅርስ ወዳድ» እያልን እናሞግሳለን። በብዙ የብራና መጻሕፍት ላይ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ ውጉዘ ይኩን» (የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን) የሚል ግዝት ተጽፏል፤ ያንን ግዝት የተሸከመ መጽሐፍ ሳሎን ውስጥ አስቀምጦ «ለበረከት ነው» ማለት ራስን ማታለል ነው። በውጭ አገር የምትኖሩም፣ በሻንጣ ይዛችሁት የምትወጡት የብራና ቅጠል በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ የተከለከለ ቅርስ መሆኑን ዕወቁ።

እንግዲህ ወደ ዕቃ ቤቱ ስትቀርቡ እጃችሁን አድርቁ፣ ብልጭታውን አጥፉ፣ አባ «አይቻልም» ካሉ ገንዘብ በማሳየት አታስጨንቋቸው። በቤታችሁ ከገዳም የወጣ ብራና ካለ ደግሞ አንድ ቅጠልም ቢሆን ለሀገረ ስብከቱ መልሱ፤ ከማን እንደገዛችሁት ለመናገር ብታፍሩ እንኳ መልሱ።