ቀለም የጠገበ ትውልድ

አባቶቻችን የተማረ ሰው ሲያመሰግኑ «ቀለም የቆጠረ» ይሉ ነበር። በትምህርት የላቀውን «የቀለም ቀንድ» ብለው ይሾሙታል፤ ፊደል አልገባ ያለውን ደግሞ «ይህን ልጅ ቀለም አይዘልቀውም» ብለው ከብት ጥበቃ ይሰዱታል። ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ ዘንድሮ ነው። ከፋሲካ በኋላ በአንዱ ዓርብ የ12ኛ ክፍል ተማሪው ልጄ በሩን ከፍቶ ሲገባ ግማሽ ፊቱ ሐምራዊ፣ ግማሹ ቢጫ፣ ጆሮዎቹ አረንጓዴ ነበሩ። ቀለሙ ቲሸርቱን አልፎ ካናቴራውን፣ ካናቴራውን አልፎ ቆዳውን አግኝቶታል። ልጄን ቀለም ዘለቀው!

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«አባዬ፣ ከለር ዴይ ነበር እኮ! ደብዳቤው ላይ የፈረምከው አንተ ነህ።»

እውነቱን ነው። ፈርሜያለሁ፤ ከፍያለሁም። ደብዳቤው «የተከበራችሁ ወላጆች፤ የተማሪዎቻችንን ሁለንተናዊ ዕድገት ለማጎልበት» ብሎ ይጀምርና የቲሸርት፣ የቀለም ዱቄት፣ የዲጄ፣ የፎቶና የቪዲዮ እያለ ዋጋ ይዘረዝራል። በመጨረሻው መስመር «ልዩ ልዩ» የሚል አለ። ከሁሉም ውዱ ልዩ ልዩ ነው። ሁለንተናዊ ዕድገት በርካሽ እንደማይገኝ ስለማውቅ አልተከራከርኩም።

በእኛ አቆጣጠር ፀደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ነው። አደይ አበባ በመስከረም ፈክታ ስለምታልፍ ከፀደያችን አበባ አንጠብቅም፤ የበልግ ዝናብ ጠብ ካለልን ተመስገን ነው። ይህን የተፈጥሮ ጉድለት አይተው ወቅቱን በዱቄት ሊያስውቡልን የተነሡት የከተማችን የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ሐሳቡ ከእነሱ፣ ወጪው ከእኛ። ድሮ በዚህ ወቅት ተማሪ የሚያውቀው የሚኒ ሚዲያውን የተሰነጠቀ ድምፅ ማጉያ፣ የክፍል ለክፍል የእግር ኳስ ውድድርንና ለክረምቱ ችግኝ የሚዘጋጅ ጉድጓድ መቆፈርን ነበር። ምን ዓይነት ጨለማ ውስጥ እንዳደግን አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል። አንዳችንም እንኳ ፒጃማ ለብሰን ሒሳብ አልተማርንም።

የዘንድሮው ፒጃማ ዴይ ማክሰኞ ዋለ። ሐሙስ ሱት ዴይ ሆነ። በሚቀጥለው ሳምንት የመጣው ክሬዚ ዴይ ነው፤ በዚህ ቀን ተማሪው ያበደ መስሎ ይመጣል። ልጄ ሱሪውን ገልብጦ ለበሰ፣ በአንድ እግሩ ጫማ በሌላው ነጠላ ጫማ አደረገ፣ የእናቱንም ሻሽ በግንባሩ አሰረ። እኔ ነኝ ያደረስኩት። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ከረባት የረሳን ልጅ ከበር የሚመልሱ፣ በሁለት ደቂቃ የዘገየን ተማሪ አሰልፈው የሚያቆሙ ብርቱ ሰው ናቸው። የዚያን ዕለት ግን ልጄን ከላይ እስከ ታች አዩትና «ግባ፣ አምሮብሃል» አሉት። ዞር ብለው እኔን አዩኝ። የእኔ ልብስ በደንቡ የተለበሰ በመሆኑ ትንሽ አፈርኩ።

ዋተር ዴይን ሳላወድስ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። በሰፈራችን ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቧንቧው ሲያስነጥስ ባለቤቴ ከአልጋ ዘልላ ቢጫ ጀሪካኖቿን ትደረድራለች። በዋተር ዴይ ትምህርት ቤቱ ውኃ በቦቴ አስመጣና ልጆቹ ከጠዋት እስከ ቀትር ሲረጫጩ ዋሉ። ልጃችን እየተንጠባጠበ ሲገባ እናቱ ገላውን የታጠበ አንድ ሰው በቤቱ በመገኘቱ ፈጣሪዋን አመሰገነች።

የባህል ቀን ቀላል ነው፤ ባህል ይከራያል። በማግሥቱ እስከ አሥር ሰዓት ካልተመለሰ ቅጣት አለው።

አንዳንድ ምቀኞች «ትምህርቱስ?» ይላሉ። ትምህርቱ አለ፤ ማን ጠፋ አለ? በሁለት ዴይ መካከል ክፍት ቦታ በተገኘ ቁጥር ይሰጣል። የፊዚክስ መምህሩ በሱት ዴይ ማግሥት ክፍል ሲገቡ አራት ተማሪ አግኝተዋል፤ ሁለቱ ተኝተዋል። በአገራችን አንድ መምህር ስንት ተማሪ ታቅፎ እንደሚያስተምር ለሚያውቅ ሰው አራት ተማሪ ለአንድ መምህር ማለት ያደጉት አገሮችም የማይደፍሩት ደረጃ ነው።

ደግሞስ ፈተና ምን ይረባል? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆኑ። በከለር ዴይ ግን የወደቀ ተማሪ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሁሉም ያልፋል፣ ያውም በማዕረግ። በ2015ቱ ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉ 1,328 ትምህርት ቤቶች ተቆጥረው ነበር። (እዚህ ላይ ቀልዴን ላቁም። መጽሐፍ ለሦስት የሚጋራና ቤተ ሙከራ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ልጅን ዱቄት ደፋህ ብዬ አላማውም። እሱ የደፋው ነገር የለም። የማወራው መጽሐፉም ቤተ ሙከራውም ሞልቶለት ቁልፉ የጠፋበትን የኛን ልጅ ነው።)

ከ2014ቱ ተፈታኞች ወዲህ ብዙው ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ፣ ስልኩን ትቶ ነው የሚፈተነው። ነጥቡ ጎደል ላለበት ደግሞ ሬሚዲያል የሚሉት የማካካሻ ትምህርት አለለት። ልጄ ስሙን ሲሰማ «ምን ተለብሶ ነው የሚኬደው?» ብሎ ጠየቀኝ። አልፈርድበትም። ሬሚዲያል ሲሉት ከጆሮ የሚገባው እንደ አንድ ሌላ ዴይ ነው።

የወላጆች የቴሌግራም ቡድናችንንም ማመስገን አለብኝ። አንዲት እናት በሚያዝያ መጨረሻ «ሞዴል ፈተናው መቼ ነው?» ብላ ጻፈች። ማንም አልመለሰላትም። ትንሽ ቆይቶ አንድ አባት «ቲሸርቱ ጥጥ ነው ወይስ ፖሊስተር?» ብለው ቢጠይቁ ቡድኑ እስከ እኩለ ሌሊት ሲንጫጫ አደረ። ስድስት ሰዓት ላይ በጥጥ ተስማማን። እኔም ለጥጥ ነው ድምፄን የሰጠሁት፤ ላብ ይመጣል።

ያ ጥጥ አሁን በልጄ መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አይታጠብም፤ መታሰቢያ ነው። የክፍሉ ልጆች በሙሉ በማርከር ጽፈውበታል። ደረቱ ላይ ልብ፣ እጅጌው ላይ ሌላ ልብ፣ ሆዱ አካባቢ «መቼም አንረሳህም»። የጻፈችው ልጅ ስሟን ረስታዋለች። ትናንት ማታ ልጄ ለፎቶ ብሎ መልሶ ሲለብሰው ጀርባውን አየሁት። ከአንገቱ ዝቅ ብሎ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈች ቀጥ ያለች አንዲት መስመር ነበረች። የፊዚክስ መምህሩ ጽሕፈት ነው፤ ከፈተና ወረቀቶቹ አውቀዋለሁ።

«ሦስተኛውን ወርክሺት እስካሁን አልመለስክም።» ከሥሩ ፊርማ፣ ከፊርማው ሥር ቀን።

ልጄ ለመስታወቱ ጀርባውን ሰጥቶ አንገቱን ቢጠመዝዝም ፊደሉ ተገልብጦ አልነበብ አለው።

«አባዬ፣ መምህራችን ምን ብለው ነው የፈረሙልኝ?»

«መልካም ዕድል ብለውሃል» አልኩትና የጋላ ናይቱን ደብዳቤ የምፈርምበት እስክሪብቶ መፈለግ ጀመርኩ።