ማስተካከያ፦ ወደ ጀነራል ሸርማን ዛፍ የሚወስደው መንገድ ሜዳ አይደለም

በካሊፎርኒያው ሴኮያ ብሔራዊ ፓርክ ስላለው ጀነራል ሸርማን የተባለ ግዙፍ የሴኮያ ዛፍ ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ፣ መንገዱ ሜዳ እንደሆነና ለሽማግሌም ለሕፃንም እንደሚመች ተገልጾ ነበር። እንደዚያ አይደለም። ከዋናው መኪና ማቆሚያ እስከ ዛፉ 800 ሜትር ገደማ ሲሆን ቁልቁለት ነው፤ ደረጃም አለው። ጣጣው ሲመለሱ ነው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ስለሚበልጥ፣ ከቆላ ለመጣ ሰው ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። የአዲስ አበባ ልጅ ግን ብዙም ላይከብደው ይችላል!

ደረጃ የሚያስቸግረው ሰው ካለ «ቢግ ትሪስ» የሚባለው መንገድ ይሻላል። በፓርኩ ውስጥ ካለው ጃይንት ፎረስት ሙዚየም አጠገብ ተነስቶ ጨፌ የሚዞር፣ 1.2 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ንጣፍ መንገድ ነው። ተሽከርካሪ ወንበርም የሕፃን ጋሪም ይሄድበታል። የሴኮያ ዛፎቹ የቆሙት በጨፌው ዳር ዳር ነው፤ መሃሉ ውሃ ስለሚበዛበት አይበቅሉም። ቅርፊታቸውን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ቀላ ያለ፣ ቃጫ የመሰለ፣ በጣም ወፍራም ነው፤ ከእሳት የሚጠብቃቸውም እሱ ነው።

ሌላው፣ ሸርማን «በዓለም ረጅሙ ዛፍ» የተባለውም ስህተት ነው። በዓለም ትልቁ የሚባለው በግንዱ ይዘት (ቮሊዩም) እንጂ በቁመቱ አይደለም። ቁመቱ 84 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በዚያው በካሊፎርኒያ ጠረፍ ያሉ የሬድውድ ዛፎች ከ100 ሜትር በላይ ይደርሳሉ።