ከ«ቦሬ ዳ» ወዲያ

ቋንቋ የሚያድገው በመናገር ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ምስኪኖች። እኔም የዌልስ ዋና ከተማ ካርዲፍ ገብቼ የካውንስል፣ የአካባቢ አስተዳደር ማለት ነው፣ ስብሰባ ላይ መቀመጥ እስክጀምር ድረስ ከነሱ አንዱ ነበርኩ። አሁን ዓይኔ በርቷል፤ ቋንቋ የሚያድገው በሰላምታ ነው። ጠዋት ከሆነ «ቦሬ ዳ»፣ ከሰዓት ከሆነ «ፕሪንሃውን ዳ» ትላለህ፣ ጉሮሮህን ትጠርጋለህ፣ ከዚያ ወደ ሥራህ ትገባለህ። ሥራው በእንግሊዝኛ ነው።

ዌልስን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገረው። አገሪቱ ሁለት ቋንቋ አላት። አንደኛውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለተኛውን እኛ ዌልስኛ፣ ባለቤቶቹ ከምራይግ ይሉታል፤ እንግሊዝኛ ባሕር ተሻግሮ ሳይመጣ አያቱ በብሪታንያ ደሴት ይነገር ነበር። ከባድ ነው ሲባል ብትሰሙ አትመኑ፤ የሚከብደው ለእንግሊዝ ነው። «ዲዮልኽ» ብሎ ለማመስገን «ኽ» ያስፈልጋል፤ እሷን ደግሞ እኛ ከነጉሮሯችን ይዘናት ነው የተወለድነው።

ባለፈው ሰሞን አንድ ካውንስል ስለ ወጣቶች አገልግሎት ሊመክር ወላጆችንና ወጣቶችን ጠርቶን ነበር። የካውንስሉን ስም አልጠራም፤ የያዝኩት ውዳሴ ስለሆነ ሌሎቹ እንዳይቀኑ ብዬ ነው። መግቢያው ላይ ሻይና ብስኩት ተደርድሯል፤ ከብስኩቱ አጠገብ ካርቶን ሙሉ የጆሮ ማዳመጫ። አንዱን አነሳሁት። ገመዱ እንደተጠቀለለ ነው፣ ፕላስቲኩም አልተቀደደም። በአዳራሹ ጥግ፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ አንዲት ጠና ያሉ ወይዘሮ ተቀምጠዋል። አስተርጓሚ ናቸው፤ ዌልስኛ የተናገረ ሰው ካለ እግር በእግር እየተከተሉ ወደ እንግሊዝኛ ሊመልሱ የተቀጠሩ። ሹራብ ይሠራሉ።

ሰብሳቢው ተነሡ። «ቦሬ ዳ! ክሮይሶ!» አሉ፤ እንደምን አደራችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ወይዘሮዋ መርፌያቸውን አስቀምጠው፣ ማይክሮፎናቸውን አብርተው ተረጎሙ። ሰብሳቢው ፈገግ ብለው በእንግሊዝኛ «እንግዲህ ለሁላችንም እንዲመች…» አሉና ሁለት ሰዓት ከሩብ ሙሉ ተመቸን። ወይዘሮዋ ወደ ሹራባቸው ተመለሱ። አንድ እጅጌ እዚያው አለቀ።

ሰምና ወርቅ የኛ ሊቃውንት ብቻ ሀብት ይመስለን ነበር። ሰሙ ዌልስኛ፣ ወርቁ እንግሊዝኛ የሆነ ቅኔ የሚዘርፍ ሰብሳቢ እስክናይ ድረስ ማለቴ ነው።

የዚህ ጥበብ ውለታ የሚገባው የቢዝሊ ባልና ሚስትን ታሪክ ለሰማ ነው። ትሬቨር ቢዝሊ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ፣ ባለቤቱ ኤይሊን መምህርት ነበሩ። በ1952 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) ላኔሊ አጠገብ፣ ላንጌነኽ በምትባል መንደር ሲኖሩ የአካባቢው ካውንስል የቤት ግብር ወረቀት ላከባቸው። በእንግሊዝኛ። እነሱም በቋንቋችን ጻፉልንና እንከፍላለን አሉ። ጎረቤቱ ዌልስኛ ይናገራል፣ የካውንስሉ ሰዎች ዌልስኛ ይናገራሉ፣ የማይናገረው ወረቀቱ ብቻ ነበር። ከ12 ጊዜ በላይ ፍርድ ቤት ተመላለሱ። የፍርድ አስፈጻሚ ሰዎች እየመጡ ዕቃ አወጡ፤ ፒያኖው ሳይቀር ከሳሎን ወጥቶ ተጫነ። በሁለቱም ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት እጃቸው የገባው በ1960 ነው። ስምንት ዓመት! ያኔ እንደኛ ሰብሳቢ ያለ ብልህ ቢኖር ኖሮ ከወረቀቱ አናት ላይ አንዲት «ቦሬ ዳ» ጣል አድርጎ የቀረውን እንደነበረ ይልከው ነበር። ፒያኖውም አይነካ፣ ካውንስሉም አይሸነፍ።

ከዚያ በፊት የነበሩትማ ጭራሽ ወግ አያውቁም። በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን፣ በ1536፣ ዌልስኛ የሚናገር ሰው ሹመት እንዳይዝ በሕግ ተጻፈ። ምን ዓይነት ባለጌነት ነው? ቋንቋን ከቢሮ ለማስወጣት ሕግ ማውጣት ምን አመጣው፤ በሩ ላይ በትልቅ ፊደል ጽፈህ ስትለጥፈው ራሱ ቀስ ብሎ ይወጣል እኮ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች በዌልስኛ ያወራ ልጅ አንገት ላይ ቁራጭ እንጨት ያንጠለጥሉ ነበር። ዛሬ ሥልጣኔ ገብቷል። ዌልስኛ የሚችል የካውንስል ሠራተኛ አንገቱ ላይ የሚንጠለጠለው «ከምራይግ» የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ብርቱካናማ ምልክት የታተመበት ያማረ ማሰሪያ ነው። ማሰሪያው ያላቸውን ስታይ የምታናግራቸው ሰዎች እነማን እንደሆኑ ታውቃለህ። ቀርበህ ስታናግራቸው ደግሞ «አዝናለሁ፣ የዛሬው ተረኛ እሷ ናት፤ እሷ ደግሞ ፈቃድ ላይ ናት» ይሉሃል። ምልክቱ ግን ያምራል።

ሕጉስ? ሕግማ ሞልቷል። የ1993ቱ አዋጅ አለ፤ ዌልስኛን የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ ያደረገው የ2011ዱ አለ፤ ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ካውንስሎች የሚተዳደሩበት ዝርዝር መመዘኛ አለ። ስልክ ስታነሳ በዌልስኛ ሰላም በል። አዲስ ምልክት ስታቆም ዌልስኛው ቀድሞ የሚነበብበት ቦታ ይሁን። በዌልስኛ ለተጻፈልህ በዌልስኛ መልስ። ቋንቋውን እንዴት እንደምታስፋፋ የ5 ዓመት ስልት አውጣ። የሚቆጣጠርም ኮሚሽነር አለ። ላም አለኝ በሰማይ የሚለው ተረት እዚህ አይሠራም፤ ይቺ ላም ምድር ላይ ናት፣ መዝገብ ላይ ሰፍራለች፣ ጆሮዋ ላይ ቁጥር አላት። የቀረው ማለብ ብቻ ነው።

ከደብዳቤዎቻቸው ግርጌ የምትገኘውን ዓረፍተ ነገርማ ባነበብኳት ቁጥር ልቤ ይሞቃል። «በዌልስኛ ቢጽፉልን ደስ ይለናል፤ በዌልስኛ መጻፍዎ መልሱን አያዘገየውም» ትላለች። መመዘኛው ራሱ ነው እንድትጻፍ የሚያዘው። «እንጀራችን አሸዋ የለበትም» ብሎ በር ላይ የለጠፈ ምግብ ቤት ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ከዚያ ምግብ ቤት ሽሮ አዝዤ እበላለሁ።

ሰላምታ ላይ ብቻ መወሰን ለምን እንደሚጠቅም ካስፈለገ በ2008 ስዋንሲ ላይ የሆነው በቂ ነው። ከባድ መኪና እንዳይገባ የሚከለክል የመንገድ ምልክት ሊተከል ነው። እንግሊዝኛው ተጻፈና ለትርጉም በኢሜይል ተላከ። መልስ ወዲያው መጣ፤ በዌልስኛ ነው፣ ሁለት መስመር ነው፣ ያምራል። አትመው ተከሉት። የሚለው እንዲህ ነበር፦ «በአሁኑ ሰዓት ቢሮ ውስጥ የለሁም። የሚተረጎም ሥራ ካለ ይላኩልኝ።» ሰው ይስቃል፤ እኔ ግን በዚያች አገር እንደዚያ ምልክት እውነት የተናገረ የመንግሥት ጽሑፍ አላየሁም። ቆሞ ይጠራል፦ ቢሮ ውስጥ የለሁም።

ካርዲፍ ውስጥ ደግሞ በ2006 ለእግረኛ የቆመ አንድ ምልክት በእንግሊዝኛው «ወደ ቀኝ ተመልከቱ»፣ በዌልስኛው «ወደ ግራ ተመልከቱ» ይል ነበር። የሁለቱንም ቋንቋ መብት ያከበረ ምልክት ነው፤ ለየራሳቸው አቅጣጫ ሰጥቷቸዋል። የመንግሥት ዕቅድና የሕዝብ ቆጠራውም እንደዚሁ ናቸው። ዕቅዱ በ2050 ተናጋሪውን 1 ሚሊዮን ማድረስ ነው፤ ወደ ላይ ተመልከቱ። ቆጠራው ደግሞ በ2011 ወደ 562,000 የነበረው በ2021 ወደ 538,000 ሆነ ይላል፤ ወደ ታች ተመልከቱ። ይበልጥ የቀነሰው ከማን ይመስላችኋል? ከልጆች። ከ5 እስከ 15 ዓመት ካሉት ዌልስኛ ይችላሉ የተባሉት በ10 ዓመት ውስጥ ከ40.3 ወደ 34.3 በመቶ ወርደዋል። የዌልስኛ ትምህርት እስከ 16 ዓመት ግዴታ ሆኖ ሳለ!

እዚህ ላይ ነው የወጣቶች አገልግሎቱን ሳላመሰግን የማላልፈው። ልጁ ቀን በዌልስኛ ሲማር፣ ሲጠየቅ፣ ሲታረም ይውላል። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ደወል ሲደወል ወደ ወጣቶች ማዕከል ይሮጣል። እዚያ ፒንግ ፖንግ አለ፣ ሙዚቃ አለ፣ የሚወዳት ልጅ አለች። ይኼ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ዌልስኛው ግድግዳው ላይ፣ «ዌልስኛ ተናገሩ!» ከሚል ፖስተር ላይ፣ ከእሳት ማጥፊያው ጎን ተሰቅሏል፤ እንደ ጎረቤቱ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነው። በዚህ መንገድ ልጁ ቋንቋውን ከቤት ሥራ ጋር፣ ነፃነቱን ከእንግሊዝኛ ጋር አያይዞ ያድጋል። የጥበቡ ጥበብ! በዓመት አንድ ቀን ደግሞ፣ ጥቅምት ላይ፣ ማንኛውንም ጨዋታ «ሹማይ»፣ ሰላም ነው፣ ብለህ እንድትጀምር የምትበረታታበት ቀን አለ። ማዕከሉ ያን ቀን ኬክ ይቆርሳል። ጀምር ነው የተባለው፤ በዚያው ጨርስ ያለ የለም።

ኋላ ቀሮቹን ተመልከቱ እንጂ። ኢርዝ የሚባለውን የወጣቶች ማኅበር ኢቫን አብ ኦወን ኤድዋርድስ የተባለ ሰው በ1922 ሲያቋቁም ፖስተርም ኬክም አላሰበም መሰለኝ። ከ1932 ጀምሮ ላንግራኖግ ከባሕሩ አጠገብ ልጆች የሚሰፍሩበት ካምፕ አላቸው። እስከ ዛሬ ልጆቹ ፈረስ ይጋልባሉ፣ በሰው ሠራሽ ቁልቁለት ላይ ይንሸራተታሉ፣ ሁሉንም በዌልስኛ። በዌልስኛ ይወድቃሉ፣ በዌልስኛ ይሳሳቃሉ፣ ሲብስም በዌልስኛ ይፋቀራሉ። ሪፖርት ላይ እንዴት ተብሎ ይሞላል ይኼ?

ከነሱ የባሰው የግዊኔዝ ካውንስል ነው። ሰሜን ምዕራብ ናቸው፣ ተራራ ሥር። እዚያ ከ100 ሰው 64ቱ ዌልስኛ ይችላል፤ ካውንስሉም የውስጥ ሥራውን፣ ደብዳቤውን፣ ክርክሩን በዌልስኛ ይሠራል። ማዳመጫውን የሚሰካው እንግሊዝኛ ብቻ የሚችለው ነው። አስተርጓሚዎቹ ሹራብ መሥሪያ ጊዜ የላቸውም። ካርናርቮን ከተማ ብትገቡ ጎረምሳው በቋንቋው ሲሳደብ ትሰማላችሁ። ስድብ! ሰላምታ ላይ ማቆም የማያውቅ ሕዝብ መጨረሻው ይኸው ነው።

እኛም ብንሆን ጥበቡ አልጠፋንም፤ ለዚህ ነው ሰብሳቢው ቶሎ የገቡኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄን የአማርኛ ትምህርት ቤት ለማድረስ ስቀሰቅሰው «እንደምን አደርክ የኔ ጌታ?» እለዋለሁ። «ፋይን፣ ዳድ» ይለኛል። ከዚያ ለሁለታችንም እንዲመች ጫማው የት እንዳለ፣ ለምን ሌሊት ስልክ ሲጎረጉር እንዳደረ፣ አማርኛ መማር እንዴት ጠቃሚ እንደሆነ በእንግሊዝኛ አስረዳዋለሁ።

ወደ ስብሰባው ልመልሳችሁ። ማገባደጃው ላይ አንዲት የ16 ዓመት ገደማ ልጅ እጇን አወጣች። ዕድል ሲሰጣት በዌልስኛ ጀመረች። ወይዘሮዋ ሹራቡን ወርውረው ማይክሮፎኑ ላይ ተደፉ። አዳራሹ ተተራመሰ፤ ሰው ሁሉ ወደ ካርቶኑ። የፕላስቲኩ መንኮሻኮሽ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው። የአንዱ ባትሪ የለም፣ ሌላው በየትኛው ጆሮ እንደሚሰካ ይጠይቃል። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩና እንደ አባት ለስለስ ብለው «የኔ ልጅ፣ ካላስቸገረሽ በእንግሊዝኛ ብትይው? ጊዜያችን ስላለቀ ነው» አሏት። ጉንጯ ፍም መሰለ። ደገመችው፣ በእንግሊዝኛ፣ አጠር አድርጋ። ጥያቄዋ፦ ከትምህርት ቤት በኋላ በዌልስኛ የሚያጫውተን አንድ ሠራተኛ እንኳ ማዕከሉ ለምን የለውም?

«ግሩም ጥያቄ ነው!» አሉ ሰብሳቢው። በ5 ዓመቱ ስልት ውስጥ እንደሚካተት ቃል ገቡላት። ከዚያ የመጨረሻውን ስላይድ አሳዩን፤ ርዕሱ በዌልስኛ፣ ሆዱ በእንግሊዝኛ። የወጣቶቹ የዌልስኛ አገልግሎት ፍላጎት ዝቅተኛ መሆኑን ይገልጻል። ልጅቷ ስላይዱን አንብባ ስልኳን አወጣች።

«ዲዮልኽ አን ቫውር!» ብለው ዘጉ። ተጨበጨበ። ወንበሩ እየተነሣ፣ ብስኩቱ እየተሰበሰበ፣ አንዱ ሠራተኛ ካርቶኑን አቅፎ ባጠገቤ ሲያልፍ ከውስጡ ድምፅ ሰማሁ። ከማዳመጫዎቹ አንዱ ሳይጠፋ ቀርቶ ኖሯል። ወደ ጥጉ ዞር ብዬ አየሁ፤ ወይዘሮዋ ሹራባቸውን ክንዳቸው ሥር ይዘው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ማይክሮፎኑ ላይ ይናገራሉ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ቀጭን ድምፅ በጠራ እንግሊዝኛ «እጅግ አመሰግናለሁ» አለ።