የአባቴን ስም በስንት ሀ ልጻፈው?

ሰሞኑን በጣም ተናድጃለሁ። እዚህ ልተንፍሰው።

አባቴ ኃይለ ሥላሴ ይባላል። ነፍሱን ይማረውና፣ ስሙን ሲጽፍ በብዙኃኑ ኃ እና በንጉሡ ሥ ነበር። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነው፤ ፊደል አያምታታም። የእኔም መታወቂያ ላይ እንደዚያው ነው የተጻፈው። ባለፈው ሳምንት አንድ ጉዳይ ለማስጨረስ ከአንኮበር ተነሥቼ ደብረ ብርሃን ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። በዚያ የጠዋት ብርድ ተሰልፌ ተራዬ ደረሰ። ልጅቷ ኮምፒውተሩ ላይ ስሜን ጻፈችና «ጋሼ፣ እርስዎ እዚህ የሉም» አለችኝ።

እንዴት የለሁም? ፎርሙን የሞላሁት እዚያው መስኮት ላይ ነው። ቅጂውም በእጄ አለ።

«እኅቴ፣ እስቲ የአባቴን ስም በሌላው ሀ ሞክሪው» አልኳት።

«ያው ነው እኮ ጋሼ፣ ሀ ሀ ነው» አለች።

ለምኜ ለምኜ ሞከረችው። በሦስተኛው ወጣሁ። አባቴ «ሀይለስላሴ» ተብሏል። በሃሌታው ሀ፣ በእሳቱ ስ፣ ሁለቱ ቃል ተጣብቆ። ተገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ደስታዬ አንድ ደቂቃ አልቆየም። «መታወቂያዎ ላይ ያለው ከፋይሉ ጋር አይገጥምም። ሁለቱም የአንድ ሰው ስም መሆኑን ከፍርድ ቤት አጽፈው ይምጡ» ተባልኩ።

ደሜ የፈላው እዚህ ላይ ነው። ሲጽፉት ሀ ሀ ነው። እኔ ጉዳይ ይዤ ስመጣ ሀ ሀ አይደለም። የተሳሳተው እነሱ ጋ፣ የሚመላለሰው እኔ፣ ምስክር የሚፈልገው እኔ፣ የትራንስፖርት የሚከፍለው እኔ። ይሄ በምን ሒሳብ ነው?

ማታ ቤቴ ገብቼ ወረቀት ላይ ቆጠርኩት። የመጀመሪያዋ ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ልትሆን ትችላለች። ስድስቱም በአማርኛ ንባባቸው አንድ ነው። ቀጥሎ ሥ ወይም ስ አለ። መጨረሻ ላይ ሴ ወይም ሤ አለ። ሲባዛ 24 ይሆናል። ሁለቱን ቃል ማጣበቅና መለያየት ሲጨመርበት 48። አንድ አባት፣ 48 አጻጻፍ! ሰው ሲያነበው አንድ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ጆሮ የለውም። ፊደላችን በፈረንጆቹ 1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር አግኝቷል። ለማሽኑ ሀ እና ኃ፣ መ እና ቀ እንደሚለያዩት ነው የሚለያዩት።

በዚያው ማታ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ታጠናለች። ዘንድሮ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና አለባት። የያዘችው እንግሊዝኛ ነው፤ ድምፃቸው አንድ ሆኖ አጻጻፋቸው የሚለያይ ቃላት። ራይት ሲባል ትክክልም ነው፣ ቀኝም ነው። መጻፍ ሲሆን ግን በደብልዩ ይጀምራል። ሰን ልጅ ሲሆን መሐሉ ኦ፣ ፀሐይ ሲሆን ዩ። ናይት ሌሊት ነው፤ ፊቱ ላይ ኬ ከተጨመረ የድሮ ፈረሰኛ ተዋጊ ይሆናል። አንዷን ብታዛንፍ ኤክስ ነው። አግባብ ነው፣ ቅር አይለኝም። ቋንቋ እንዲህ ተጠንቅቆ ነው የሚጻፈው።

«አባዬ፣ ኬው ካልተነበበ ለምን ይጻፋል?» አለችኝ። ጥንት ይነበብ እንደነበር ነገርኳት። ድምፁ ጠፋ፣ ፊደሉ ቀረ። የእኛም እንደዚያ ነው። በግዕዝ ሀ እና ሐ፣ አ እና ዐ ድምፃቸው ይለያይ ነበር። ትግርኛ ተናጋሪዎች እስከ ዛሬ ይለዩታል። አማርኛ ድምፁን ተወው፣ ፊደሉን ግን ትርጉም ስለሚለይበት ያዘው። ሰረቀ በእሳቱ ሰ ሌባ ነው። ሠረቀ በንጉሡ ሠ ፀሐይ ወጣች ማለት ነው። «ሰአሊ ለነ ቅድስት» ስንል ለምኚልን ማለታችን ነው። በሠ እና በዐ ከጻፍነው ሥዕል ውስጥ ገባን። አረጋዊ በአልፋው አ ነው፣ ዕርገት በዓይኑ ዐ።

ከዚያ የአማርኛ ደብተሯን አየሁት። «መምሕር» ብላለች። «ሐገር» ብላለች። «ጸሐይ» ብላለች። ሁሉም ላይ ራይት ተደርጎበታል። አንድም ኤክስ የለም። ልጄን አልተቆጣሁም፤ ማን አሳያት? የእንግሊዝን የሞተ ኬ እንድታውቅ ስንለፋ፣ የራሷን ሀ እንዳታውቅ ተስማምተን ቁጭ ብለናል።

ደግሞ የት ሀገር ሆኖ ነው! ደብረ ብርሃንን በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ናቸው። ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ተብሎ ነው ስሙ የወጣው። የንጉሡን ስም ልብ ብላችሁ እዩት። ዘርአ በአልፋው አ፣ ያዕቆብ በዓይኑ ዐ፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የእኛው አንኮበር የነገሡት ሣህለ ሥላሴም እንዲሁ ናቸው። ሥላሴ የሚለው አንድ ቃል ብቻውን በንጉሡ ሥ ጀምሮ በእሳቱ ሴ ነው የሚያልቀው። ታፔላዎቻችንን ደግሞ እዩ። አንድ ጠዋት በአንድ መንገድ ላይ ብርሃን፣ ብርሀን፣ ብርሐን ሦስቱንም አንብቤአለሁ። የከተማዋ ስም እኮ ነው!

ሞክሼ ፊደል ይቀነስ የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ባይቀነስ እመርጣለሁ፤ ግን አልጣላቸውም። ከተቀነሰ ለሁሉም ይቀነስና እንረፍ። ካልተቀነሰ ልጆቹ ይማሩት። የማልቀበለው የአሁኑን ነው፤ ሲጻፍ እንደ አንድ፣ ሲፈለግ እንደ ሌላ። ኮምፒውተሩም ቢሆን ስም ሲፈለግበት ሀ፣ ሐ እና ኀን እንደ አንድ ቆጥሮ እንዲያወጣ ማድረግ ይቻላል፤ ለባለሙያ ከባድ ሥራ አይደለም። እስከዚያው የሰው ስም የምትመዘግቡ ልጆቻችን፣ እባካችሁ መታወቂያውን እያያችሁ ጻፉ። በስልክም ቢሆን ኤች ስትነኩ ቀድማ የመጣችውን ሀ ብቻ አትውሰዱ። ሰውዬው አጠገባችሁ ቆሟል፤ ጠይቁት።

ሐሙስ ምስክሮቼን ይዤ ሦስተኛ ጊዜ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ፍርድ ቤቱ አጠገብ ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ ሽማግሌ አሉ። ስሜን ጻፉና የአባቴ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን አነሡ።

«በየትኛው ሀ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«በብዙኃኑ፣ አባቴ» አልኳቸው።

«ሥላሴ እንኳ የታወቀ ነው» ብለው ጻፉት።